ካሜራው መቼ ይንቀሳቀስ፣ መቼ ይቁም? በሮቦት በሚታገዝ ቀዶ ሕክምና የኢንዶስኮፕን እንቅስቃሴ በራስ-ሰር ስለማድረግ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። በዳ ቪንቺ የምርምር ኪት (ዳ ቪንቺ ከተባለው የቀዶ ሕክምና ሮቦት ለምርምር በተዘጋጀው) ላይ የሁለቱን መሣሪያዎች ጫፍ መካከለኛ ነጥብ እየተከተለ ኢንዶስኮፑን፣ ማለትም ሰውነት ውስጥ የሚገባውን የካሜራ ዘንግ፣ የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ተጽፏል። ቀለበት ከአንዱ ዘንግ ወደ ሌላው በማዛወር ልምምድ ላይ ጥሩ ይሠራል። ስፌት ሲጀመር ግን ምስሉ ይዋልላል፤ ሐኪሞቹም «ራሳችንን አዞረን» ብለው ያጠፉታል። እንቅስቃሴን የሚያለሰልስ ማጣሪያ ሲጨመርበት ዘገየ እንጂ አልተሻለም። ጠያቂው አሁን «ወደ ዲፕ ለርኒንግ (ከብዙ ምሳሌ ራሱ ወደሚማር ሞዴል) ልሂድ?» ይላሉ።

አይሂዱ፤ ቢያንስ ገና አይሂዱ። መሣሪያዎቹ የት እንዳሉ ፕሮግራምዎ አሳምሮ ያውቃል። የተበላሸው ከዚያ በኋላ ያለው ውሳኔ ነው። መካከለኛውን ነጥብ ያለማቋረጥ የሚከተል ካሜራ የሐኪሙ እጅ በተነቃነቀ ቁጥር አብሮ ይነቃነቃል። ሐኪሙ ግን እጁን የሚያንቀሳቅሰው ሊሠራ ነው፤ እይታውን ሊቀይር አይደለም።

በቁጥር እንየው። በአግድም 70 ዲግሪ ስፋት የሚያይ ኢንዶስኮፕ፣ 1920 በ1080 ፒክስል የሆነ ምስል፣ ከሌንሱ እስከ ሥራው ቦታ ደግሞ 80 ሚሊ ሜትር ርቀት እንውሰድ። ምስሉ በስፋቱ 112 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ ስለዚህ 1 ሚሊ ሜትር በስክሪኑ ላይ 17 ፒክስል ያህል ነው። ሐኪሙ መርፌውን ወግቶ አወጣና ክሩን በቀኝ እጁ 100 ሚሊ ሜትር ሳበ፤ ግራ እጁ ስፌቱ ላይ እንዳለ ነው። መካከለኛው ነጥብ 50 ሚሊ ሜትር ሄደ፤ በስክሪኑ ላይ 850 ፒክስል፣ የስክሪኑ ግማሽ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው። የኢንዶስኮፑ ጫፍ ከትሮካሩ (ወደ ሰውነት ከሚገባበት ቱቦ) 100 ሚሊ ሜትር ገብቶ ከሆነ 1 ዲግሪ መዞር የእይታውን መሃል በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይገፋዋል። ስለዚህ ካሜራው ያንን ክር ለመከተል ወደ 16 ዲግሪ ይዞራል። ሐኪሙ ዓይኑን ስፌቱ ላይ ተክሎ ሳለ ስፌቱ ወደ ዳር ይሸሽበታል፤ እጁ ሲመለስ ደግሞ ስፌቱም ተመልሶ ይመጣል። በአንድ መስመር ስፌት ላይ ይህ በየወግታው ይደጋገማል። የሚያዞረው እሱ ነው።

ማጣሪያው ያልረዳው ለዚህ ነው። ማጣሪያ የእጅ መንቀጥቀጥን ያለሰልሳል፤ የ50 ሚሊ ሜትሩን ጉዞ ግን አያስቀረውም፣ ያዘገየዋል እንጂ። እንዲያውም እጁ ከቆመ በኋላ ምስሉ ገና ሲሄድ ስለሚያሳይ ያባብሰዋል። ቀለበት በማዛወር ላይ ችግሩ ያልታየው ደግሞ በዚያ ልምምድ ሐኪሙ የሚያየውም የሚሠራበትም ቦታ የመሣሪያው ጫፍ ያለበት ስለሆነ ነው። ለካሜራ አውቶሜሽን ከእንዲህ ዓይነቱ የሰሌዳ ልምምድ የበለጠ አታላይ ፈተና የለም።

እንግዲህ መነሻው የሰው አሠራር ይሁን። በዳ ቪንቺ ሐኪሙ የካሜራውን ፔዳል ይረግጣል፣ መሣሪያዎቹ ባሉበት ይቆለፋሉ፣ በሁለት እጁ እይታውን ይጎትታል፣ ፔዳሉን ይለቅና ወደ ሥራው ይመለሳል። ካሜራው ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ርግጫ ድረስ ንቅንቅ አይልም። በላፓሮስኮፒ (ያለ ሮቦት በትናንሽ ቀዳዳዎች በሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ካሜራ የሚይዝ ረዳትም ጎበዝ የሚባለው መኖሩ ሲረሳ ነው። ፕሮግራምዎም ይህንኑ ያድርግ፦ አንድ ጊዜ ይወስን፣ ይሂድ፣ ይቁም።

ለመነሻ የሚሆኑ ቁጥሮች እነሆ። በምስሉ መሃል የስፋቱንና የቁመቱን 40 በመቶ የሚይዝ አራት ማዕዘን ያስምሩ። የሚከተሉት ነጥብ በዚህ ውስጥ እስካለ ድረስ ምንም ትእዛዝ አይላክ። ከዚህ ከወጣ 0.6 ሰከንድ ያህል ይጠብቁ፤ በዚህ መሃል ከተመለሰ ተውት። ካልተመለሰ ካሜራውን ነጥቡ መሃል እስኪገባ ድረስ ይውሰዱት። የአራት ማዕዘኑ ዳር ላይ ብቻ አድርሰው ካቆሙት ነጥቡ ወጣ ገባ እያለ በየሰከንዱ ትናንሽ ንቅናቄ ያመጣብዎታል፤ የብዙዎቹ ፕሮግራሞች መርገብገብ ከዚህ የሚመጣ ነው። ጉዞው ከ1 እስከ 1.5 ሰከንድ ይውሰድ፤ ፍጥነቱ ቀስ ብሎ ጨምሮ ቀስ ብሎ ይቀንስ። የእይታው መሃል በሥራው ቦታ ላይ በሰከንድ ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ የሚጓዝ ከሆነ ጉዞውን ያርዝሙት እንጂ ፍጥነቱን አይጨምሩ።

የሚከተሉት ነጥብ ራሱ የቱ ይሁን? ይህ ከሚመስለው በላይ ይከብዳል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «የሚንቀሳቀሰውን መሣሪያ ልከተል» ወይም «የቆመውን ልከተል» ብሎ ነው። ሁለቱም ይወድቃሉ። ክር ሲሳብ ሥራው ያለው በቆመው እጅ ዘንድ ነው። ሐሞት ከረጢት ወደ ላይ ተስቦ ሲያዝ ደግሞ የቆመው እጅ ያዥ ብቻ ነው፤ ሥራው ያለው በሚንቀሳቀሰው ዘንድ ነው። ፍጥነት ብቻውን እነዚህን ሁለቱን አይለያቸውም። የሚለያቸው ትዝታ ነው። ያለፉትን 10 ሰከንዶች የሁለቱን ጫፎች ቦታ ያስቀምጡ፤ ሁለቱ ጫፎች በ25 ሚሊ ሜትር ውስጥ ተቀራርበው የተገኙበትን ቦታ ከፍ ያለ ክብደት ይስጡት። የሚሰፋ ሰው ሁለት እጁን ደጋግሞ የሚያገናኘው ስፌቱ ላይ ነው፤ ክር ሲስብ ተለያይተው ቢሄዱም ያ ቦታ ክብደቱን ይዞ ይቆያል። ጎትቶ የያዘ እጅ ግን ለብቻው ስለቆመ ክብደት አይሰበስብም። ሁለቱ ጫፎች ለረጅም ጊዜ ካልተገናኙ ብቻ ወደሚሠራው ነጠላ መሣሪያ ይዛወሩ። በሦስተኛው የመሣሪያ ክንድ ላይ ያለውን፣ ሐኪሙ በዚያች ቅጽበት የማይቆጣጠረውን መሣሪያ፣ በምንም ስሌት ውስጥ አያስገቡት።

መቅረብና መራቅን በተመለከተ ቀላል ሕግ ይበቃል። የሁለቱ ጫፎች ርቀት ከምስሉ ስፋት 70 በመቶ ካለፈ ይራቅ፤ ከ25 በመቶ በታች ሆኖ 3 ሰከንድ ከቆየ ይቅረብ። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ለሙከራ ከሥራው ቦታ ያለው ርቀት ከ50 ሚሊ ሜትር በታች እስኪሆን አይቅረብ፤ የኢንዶስኮፑ ጫፍ በብርሃኑ ይሞቃል፣ ሕብረ ሕዋስ ከነካም ያቃጥላል፣ ሌንሱም ይቆሽሻል። ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ ጫፉ ከትሮካሩ ቱቦ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ወጥቶ ይቅር፤ አለዚያ የቱቦው ጠርዝ ምስሉን ከዳር ዳር ያጠቁረዋል። ኢንዶስኮፑ ያሉት እንቅስቃሴዎች አራት ናቸው፤ በትሮካሩ ነጥብ ላይ ወደ ጎን መዞር፣ ወደ ላይና ወደ ታች ማዘንበል፣ መግባትና መውጣት፣ በራሱ ዘንግ ዙሪያ መሽከርከር። አራተኛውን ለሐኪሙ ይተዉለት። ምስሉ በራሱ ጊዜ ሲዘም ሐኪሙ ላይና ታች ይጠፋበታል።

ዘንጉ ላይ 30 ዲግሪ የሚያዘነብል ሌንስ ካለዎት አንድ ወጥመድ አለ። የዚህ ኢንዶስኮፕ እይታ ከዘንጉ ጋር አንድ አቅጣጫ የለውም። 20 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ቢያስገቡት በእይታው አቅጣጫ የሚቀርበው 17 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በተጨማሪም 10 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ይሄዳል፣ ይህም ከላይ በያዝነው ርቀት 170 ፒክስል ነው። ሌንሱ ወደ ታች የሚያይ ከሆነ ሲቀርብ ሥራው በስክሪኑ ላይ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ወደ ላይ ከተገለበጠ በተቃራኒው። ስለዚህ እያንዳንዱ መቅረብ ከማዘንበል ጋር ተጣምሮ ይሰላ። አደጋው ሐኪሙ በመሃል ሌንሱን ሲገለብጠው ነው። ፕሮግራሙ ይህን ካላወቀ የማስተካከያው ምልክት (ፕላስና ማይነሱ) ይገለበጣል፤ ስህተቱን፣ ማለትም ነጥቡ ከምስሉ መሃል ያለውን ርቀት፣ ይቀንሳል የተባለው ትእዛዝ ስህተቱን ያሳድገዋል፣ ካሜራውም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሮጣል። ካሜራው ታዞ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ስህተቱ በ0.3 ሰከንድ ውስጥ ካልቀነሰ የሚያቆም አንድ መስመር ኮድ ይህን ዓይነቱን ሁሉ ይይዛል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። በእኔ ግምት ሐኪሞቹ «አዞረን» ካሉት ውስጥ ከፊሉ ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። በዳ ቪንቺ ዓይነት ሮቦት የእጅ እንቅስቃሴ ወደ መሣሪያው የሚተረጎመው በካሜራው ዓይን ነው፤ እጅ ወደ ቀኝ ሲሄድ ካሜራው በየትኛውም ማዕዘን ቢቆም መሣሪያው በስክሪኑ ላይ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ይህ ምቾት ካሜራው ከመሣሪያዎቹ ጋር አንድ ላይ ሲንቀሳቀስ ወጥመድ ይሆናል። ሐኪሙ እጁን አልነቀነቀም፣ ካሜራው ግን 10 ዲግሪ ዞረ እንበል። ፕሮግራሙ የመሣሪያውን መድረሻ «ከካሜራው አንጻር እዚህ ጋ» ብሎ የሚያስቀምጥ ከሆነ መሣሪያው ከካሜራው ጋር አብሮ ይወሰዳል። በስክሪኑ ላይ ባለበት የቆመ ይመስላል፤ ሆድ ውስጥ ግን፣ ጫፉ ከካሜራው ትሮካር 180 ሚሊ ሜትር ርቆ ከነበረ፣ 31 ሚሊ ሜትር ተጉዟል። የደም ሥር ነክሶ ከነበረስ?

ትክክለኛው ሕግ እጅ ከቆመ መሣሪያው በሰውነት ውስጥ ይቁም የሚል ነው። ሲተገበር እንዲህ ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር እጁ ካለፈው ዙር ወዲህ ስንት እንደተንቀሳቀሰ ብቻ ይወስዳሉ፣ ያን ጭማሪ በዚያች ቅጽበት ባለው የካሜራ አቅጣጫ ያዞሩታል፣ ከዚያ ከመጨረሻው የመሣሪያ መድረሻ ላይ ይደምሩታል። ያ መድረሻ የሚቀመጠው በማይንቀሳቀስ መነሻ፣ ለምሳሌ በመሣሪያው ክንድ መሠረት፣ ልኬት ነው፤ በካሜራው ልኬት ፈጽሞ አይቀመጥም። የካሜራው አቅጣጫም በየዙሩ ይታደስ። ፔዳሉ ሲለቀቅ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያነብ ኮድ ለእጅ ለሚነዳ ካሜራ በቂ ነው፤ በራሱ ለሚሄድ ካሜራ ግን አይሆንም።

ቦታ በዚህ ይፈታል፣ አቅጣጫ ግን ዕዳ ያስቀራል። ካሜራው 10 ዲግሪ ከዞረ በኋላ ማስተር የምንላቸው የእጅ መያዣዎች አቅጣጫና በስክሪኑ ላይ የሚታየው የመሣሪያ አቅጣጫ በ10 ዲግሪ ይለያያሉ። በፔዳሉ አሠራር ይህ ዕዳ አይታይም፤ ካሜራው ቆሞ መሣሪያው እንደገና ከመያዙ በፊት የእጅ መያዣው ከመሣሪያው ጋር እንዲገጥም ይደረጋልና። በራስ-ሰር ሲሆን ግን ሐኪሙ መርፌ ይዞ ሳለ የእጅ መያዣውን አንጓ በሞተር ማዞር አይታሰብም። የሚሻለው ዕዳውን መቁጠር ነው። የተጠራቀመው ልዩነት 15 ዲግሪ ሲደርስ ራስ-ሰሩ መዞሩን ያቁም፣ መቅረብና መራቅ ብቻ ይፍቀድ፣ ሐኪሙ በራሱ ጊዜ ክላች (እጁን ከመሣሪያው ለጊዜው የሚያላቅቀውን ፔዳል) ሲረግጥ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለስ። መግባትና መውጣት አቅጣጫን ስለማይቀይር ዕዳ የለበትም፤ በነገራችን ላይ ሐኪሞች ራስ-ሰር ዙምን ከራስ-ሰር መዞር ቀድመው የሚቀበሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ይህን ያለ ሐኪም መፈተን ይቻላል። የእጅ መያዣዎቹን በሶፍትዌር ይቆልፏቸው፣ የመሣሪያውን ጫፍ በአንድ የተተከለ መርፌ አናት ላይ ያቁሙ፣ ካሜራውን በሙሉ ክልሉ ያዙሩት። ጫፉ ከመርፌው ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከራቀ የልኬት ስህተት አለ፤ ሌላው ሥራ ሁሉ እዚያው ይቁም። ለመጀመሪያው ሙከራ ደግሞ የሁለቱም እጆች ፍጥነት በሰከንድ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ብቻ ካሜራው እንዲነሳ ማድረግ ብዙ ችግር ያቀልላል።

ካሊብሬሽን (የካሜራውንና የክንዶቹን ልኬት ማመሳከር) ላይ አጠር አድርጌ ልለፍ፣ ብዙ የተጻፈበት ስለሆነ። 5 ሚሊ ሜትር ካሬ ያለው የቼዝ ሰሌዳ፣ ከ20 እስከ 30 ምስል፣ ከ1 ፒክስል በታች የሆነ ስህተት ይበቃዎታል። የሌንሱ ፎከስ ከተለወጠ ግን ካሊብሬሽኑ አርጅቷል። ከካሜራ ወደ ክንድ ያለውን ዝምድና ሲያሰሉ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ዘንጎች ዙሪያ ሰፋ አድርገው ያዙሩት፤ ኢንዶስኮፑ በትሮካሩ ነጥብ የታሰረ ስለሆነ በራሱ ዘንግ መሽከርከሩንም ካልጨመሩ ስሌቱ ይላላል። ከሁሉ የሚከፋው ሌላ ነው። በቀደሙት ዳ ቪንቺዎች፣ ማለትም ኪቱ በተሠራባቸው፣ ክንዶቹን ተሸክመው በእጅ የሚስተካከሉት መገጣጠሚያዎች ቦታቸውን የሚለኩት ብዙም ትክክል ባልሆነ መንገድ ስለሆነ፣ የካሜራው ክንድና የመሣሪያው ክንድ መሠረቶች ያላቸው ርቀት በሴንቲ ሜትር ደረጃ ሊሳሳት ይችላል። መፍትሔው የመሣሪያውን ጫፍ በካሜራው ፊት ከ10 እስከ 15 በሚሆኑ የታወቁ ነጥቦች ላይ አስነክቶ ሁለቱን የነጥብ ስብስቦች ማጋጠም ነው፤ ለእያንዳንዱ ክንድ ለየብቻ። አንድ ሰው ክንዱን ትንሽ ከገፋው ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ከክንዱ ስሌት የተገኘውን ጫፍ እንደ ትንሽ ክብ በምስሉ ላይ ይሳሉት፤ በምስል ከሚታየው ጫፍ ከ40 ፒክስል በላይ ከራቀ ራስ-ሰሩ ይጥፋ።

መዘግየትም አለ። በሰከንድ 30 ፍሬም የሚቀዳ ካርድ ሁለት ሦስት ፍሬም ይይዛል፣ የምስል ሞዴሉ ሌላ ይጨምራል፤ በድምሩ 150 ሚሊ ሰከንድ ብርቅ አይደለም። ስህተቱን በጌይን (በአንድ ቋሚ ቁጥር) አባዝቶ ፍጥነት የሚያዝ ቀላል መቆጣጠሪያ ካለዎት የጌይኑና የመዘግየቱ ብዜት ከ0.37 ካለፈ ካሜራው ከመድረሻው አልፎ መመለስ ይጀምራል፤ 1.57 ሲደርስ መወዛወዙ አያቆምም። በ150 ሚሊ ሰከንድ ያለመወዛወዝ የሚፈቀደው ከፍተኛው ጌይን በሰከንድ 2.4 ነው ማለት ነው። እኔ 1 ላይ አቆመዋለሁ። ምክንያቱም ሐኪሙ የዲጂታል ዙሙን ሁለት እጥፍ ሲያደርገው እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር በእጥፍ ፒክስል ይታያል፤ ስህተቱን በፒክስል የሚለካ ኮድ ሳያስበው ጌይኑ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ትናንት የተረጋጋው ካሜራ ዛሬ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ከላይ እንዳልነው መድረሻውን አንድ ጊዜ በክንዱ ኢንኮደሮች (የመገጣጠሚያዎቹን ቦታ በሚለኩ ዳሳሾች) አስልተው ከሄዱና ምስሉን ለመጨረሻው ማስተካከያ ብቻ ከተጠቀሙ መዘግየቱ ብዙ አያስቸግርም። ኢንኮደር ፈጣን ነው፣ በቋሚነት ግን በትንሹ ይሳሳታል፤ ምስል ዘገምተኛ ነው፣ ስለሚታየው ግን አይዋሽም። ፈጣኑን ለጉዞ፣ ዘገምተኛውን ለእርማት።

ካሜራው የግድ መቆም ያለበት ጊዜ ከሚሄድበት ይበልጣል። የኤሌክትሪክ ማቃጠያው ፔዳል ሲረገጥ ካሜራው በዚያው ቅጽበት ባለበት ይቁም፤ እየቆረጠ ባለ ጫፍ ላይ እይታ አይለወጥም። የካሜራ ፔዳሉ ሲረገጥ ራስ-ሰሩ ያለ ክርክር ይልቀቅ፣ ከዚያም ለ10 ሰከንድ ያህል ዝም ይበል፤ ሐኪሙ አስተካክሎ የተወውን እይታ ወዲያው የሚያበላሽ ፕሮግራም ዳግም አይበራም። ጭስ ወይም ደም ምስሉን ሲሸፍን፣ ጫፉ ከእይታ ሲጠፋ፣ መልእክት ለ100 ሚሊ ሰከንድ ሲቋረጥ፣ ሐኪሙ ራሱን ከኮንሶሉ ሲያነሳ፣ ይቁም። መሣሪያውን ለመፈለግ መዞር የለበትም። መሣሪያ ሲቀየር ጫፉ ወደ ትሮካሩ ቱቦ ይሳባል፤ ይህን ያልተነገረው ፕሮግራም ቱቦውን ሊያሳይዎት ይሮጣል። አዲሱ መሣሪያ ሲገባ ግን ሐኪሙ መግቢያውን ማየት ይፈልጋል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ መራቅ ተገቢ ነው። ሌንስ ለመጥረግ ኢንዶስኮፑ ከወጣ ሲመለስ ራስ-ሰሩ ጠፍቶ ይጠብቅ። የፍጥነትና የክልል ገደቦቹ ደግሞ ውሳኔውን በሚሰጠው ፕሮግራም ውስጥ ሳይሆን ከእሱ በታች ባለው የክንድ መቆጣጠሪያ ውስጥ ይቀመጡ፤ ላይኛው ቢያብድ ታችኛው ይይዘዋል።

እዚህ ላይ ከእርስዎ በፊት የተሞከሩትን ማየት ይጠቅማል። ኤሶፕ የተባለው የኮምፒውተር ሞሽን ኩባንያ ክንድ በ1994 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቶ ካሜራ መያዝ ጀመረ፤ በኋላ በድምፅ ይታዘዝ ነበር። የድምፅ ችግሩ ቃል ከእጅ መዘግየቱ ነው፤ «ግራ፣ ግራ፣ ቁም» እስኪባል ቦታው ታልፏል። ኢንዶአሲስት የተባለው ካሜራ ያዥ በሐኪሙ ጭንቅላት እንቅስቃሴ፣ ሴንሃንስ የተባለው ሮቦት ደግሞ በዓይኑ እይታ ካሜራውን መሩት። ዓይን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ስለሚዘል ጥሬው እይታ ለካሜራ አይሆንም፤ ዓይኑ የት አርፎ እንደቆየ ማወቅ ያስፈልጋል። በዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በምርምር ኪቱ ላይ የተሠራው ደግሞ እንደ እርስዎ የመሣሪያዎቹን መካከለኛ ነጥብ ይይዝና ጫፎቹ በምስሉ ላይ ባሉበት ቀጠና መሠረት ይቀርባል ወይም ይርቃል። የሁሉም ጥያቄ ካሜራው በማን ይታዘዝ የሚለው ነበር፤ መቼ ዝም ይበል የሚለው ብዙ አልተነካም።

ሲፈትኑት ጊዜን ብቻ አይለኩ። የፔዳል ርግጫ ብዛት፣ መሣሪያ ከእይታ ውጭ የቆየበት ሰከንድ፣ ካሜራው በደቂቃ ስንት ጊዜ ተነሳ፣ ሐኪሙ ከራስ-ሰሩ እንቅስቃሴ በኋላ በ3 ሰከንድ ውስጥ ፔዳል ረግጦ ስንቱን ቀለበሰው፤ ይህች የመጨረሻዋ ከሁሉ ትበልጣለች። ከ10 እንቅስቃሴ 3ቱ ከተቀለበሱ በምስሉ መሃል ያሰመሩትን አራት ማዕዘን ያስፉ። የድካም መጠይቅ ይጨምሩ፤ የራስ-ሰሩንና የፔዳሉን ቅደም ተከተል ከሐኪም ሐኪም ያፈራርቁ። ልምምዶቹም ስፌት፣ ጎትቶ መያዝና ድንገተኛ መድማት ይኑርባቸው። ኪቱ የተሠራው ከአገልግሎት ከወጡ የሕክምና ሮቦቶች ስለሆነ ለሰው ሕክምና አይውልም፤ ሥራው ወደ ሆስፒታል ይሄዳል ብለው ካሰቡ በአይኢሲ 80601-2-77 እና በአይሶ 14971 ዓለም አቀፍ የደኅንነት ደረጃዎች የሚጠየቀውን የአደጋ ትንተና ከዛሬው መመዝገብ ይጀምሩ፤ ከላይ የዘረዘርኳቸው የመቆም ሁኔታዎች ለዚያ መዝገብ ጥሩ መነሻ ናቸው።

ዲፕ ለርኒንግን በሚመለከት፣ የመሣሪያውን ጫፍ በምስል ለመለየት አሁኑኑ ይጠቀሙበት፤ ለዚያ ጎበዝ ነው። ለውሳኔው ግን መጀመሪያ ውሂብ ያስፈልግዎታል። በዚህ ዘርፍ ብዙ ሰው እጁ የሚገባው ጂግሶውስ የተባለው የጆንስ ሆፕኪንስና የኢንቱዊቲቭ የ2014 ስብስብ ለዚህ አይረዳዎትም፤ በልምምዶቹ ላይ ተሳታፊዎቹ ካሜራውን ማንቀሳቀስም ክላች መርገጥም አልተፈቀደላቸውም ነበርና የካሜራ ውሳኔ በውስጡ የለም። የራስዎን ይሰብስቡ። እያንዳንዱ የካሜራ ፔዳል ርግጫ ሐኪሙ በራሱ እግር የሰጠው ምልክት ነው፤ ከርግጫው በፊት ያለው እይታ አልተመቸውም፣ ከለቀቀ በኋላ ያለው ተመችቶታል። ርግጫው ከመጀመሩ 5 ሰከንድ በፊት ጀምሮ ምስሉን፣ የሁሉንም ክንዶች ቦታና የፔዳሎቹን ሁኔታ ጊዜያቸው እንዲገጥም በአንድ የጋራ ሰዓት ቆጣሪ ይቅዱ። ሞዴሉን መጀመሪያ «ካሜራው የት ይሂድ» ብለው አይጠይቁት፤ «ሐኪሙ በሚቀጥሉት 2 ሰከንዶች ፔዳሉን ይረግጣል ወይ» ብለው ይጠይቁት፣ መልሱም ከላይ ባለው የ0.6 ሰከንድ መጠበቂያ ቦታ ይግባ። ሲያሠለጥኑ የአንድ ሐኪም ቅጂዎች በማሠልጠኛውም በመፈተኛውም ውስጥ እንዳይገኙ ውሂቡን በሐኪም ይከፋፍሉት፤ በቅጂ ከከፋፈሉት ሞዴሉ የሚማረው የዚያን ሰው እግር ልማድ ነው፣ አዲስ ሐኪም ሲቀመጥ ካሜራው እንደገና ያለ ጊዜው ይነሳል።